ግራ የሌለው ዓለም፦ ሐኪሙ ያለፈውን ነርሷ እንዴት አየችው?

እስቲ ለአንድ ደቂቃ ዓይናችሁን ጨፍኑና በሐሳብ አያት ላይ ባቡር ተሳፈሩ። ፊታችሁን ወደ መገናኛ አዙራችሁ ተቀምጣችኋል። በቀኛችሁ ምን አለ? የኮተቤ ወገን፣ ከዚያ ወዲያ የየካ ተራራ። በግራችሁስ? ሰሚት፣ ሳሊተ ምሕረት። አሁን ጉዞውን ገልብጡት። ከመገናኛ ተነስታችሁ ወደ አያት ትመለሳላችሁ። ሳሊተ ምሕረት በቀኝ ሆነች፣ ተራራው በግራ። አካባቢውን ለሚያውቅ ሰው ምንም አይከብድም። በመሄጃም በመመለሻም የምንጠራቸው ቦታዎች ያው ናቸው፤ የተቀያየረው ጎናቸው ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 ኤዶአርዶ ቢዚያክ እና ክላውዲዮ ሉዛቲ የተባሉ ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች ይህንን የመሰለ ጥያቄ ለሁለት ሕሙማን አቀረቡ። ሁለቱም ሰዎች የአንጎላቸው ቀኝ ክፍል ተጎድቷል፤ የሚላንን ትልቁን የካቴድራል አደባባይ ደግሞ አሳምረው ያውቁታል። «ከካቴድራሉ ትይዩ ቆማችሁ ወደ እሱ እያያችሁ እንደሆነ አስቡ፤ ምን ይታያችኋል?» ተባሉ። በቀኝ በኩል ያለውን ዘረዘሩ፤ ግራውን ዘለሉት። ቀጥሎ «አሁን ካቴድራሉ በር ላይ ቆማችሁ ጀርባችሁን ለበሩ ሰጥታችኋል» ተባሉ። ይሄኔ ቅድም የዘለሏቸውን ሕንጻዎች አንድ በአንድ ጠሩ፤ ቅድም የጠሯቸውን ደግሞ ዘለሉ።

ልብ በሉ፣ ዓይን እዚህ ውስጥ የለበትም። ሰዎቹ የሚያዩት በትዝታቸው ነው። ትዝታውም አልጠፋም፤ ከሌላው አቅጣጫ ሲጠየቁ ይወጣል። ግን በሐሳብ ዓለምም ቢሆን አንድ ነገር በግራ ከሆነ እንደሌለ ይቆጠራል።

ይህ ችግር በእንግሊዝኛ ዩኒላተራል ኔግሌክት ይባላል። ቃል በቃል ከተረጎምነው «የአንድ ጎን ቸልታ» ይሆናል። እኔ ይህን አልወደውም። ቸልተኛ ሲባል ጥፋቱ የሰውየው ይመስላል፤ እዚህ ግን ጥፋተኛ የለም። ስለዚህ «መንገድ መሳት» እንደምንለው «ግራን መሳት» እለዋለሁ። በነገራችን ላይ «ግራ ገባኝ» ከሚለው ጋር አታምታቱት። ግራ የገባው ሰው ግራ መግባቱን ያውቃል። ግራን የሳተ ሰው ግን ዓለም ሙሉ ሆና ነው የምትታየው፤ የጎደለበት ነገር መኖሩን አያውቅም። የችግሩ ክፋት እዚህ ላይ ነው። ዓይኑ የደከመ ሰው መነጽር ይፈልጋል፤ ግራን የሳተ ሰው ምን ብሎ ይፈልግ?

ታሪኩ ከሚላን ይቀድማል። እንግሊዛዊው የነርቭ ሐኪም ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1876 ስለ አንዲት ሴት ጽፎ ነበር። ሴትዮዋ በደንብ ወደምታውቀው ወደ ለንደኑ ቪክቶሪያ ፓርክ ስትሄድ መንገድ ጠፋት፤ ልብስ መልበስም ያስቸግራት ጀመር። ከሞተች በኋላ በቀኝ አንጎሏ የኋላ ክፍል ዕጢ ተገኘ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ጭንቅላታቸውን የቆሰሉ ወታደሮች በብዛት ሲመጡ ሐኪሞች ተመሳሳይ ነገር ደጋግመው አዩ።

ዋናው ጽሑፍ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። ጸሐፊው ራስል ብሬይን ይባላል፤ የአባት ስሙ «አንጎል» ማለት ነው፣ ያሳተመበት መጽሔትም ስሙ «አንጎል» ነበር (ቀልድ አይደለም)። ብሬይን የቀኝ አንጎላቸው የጎን ክፍል በብዙ የተጎዳ ሦስት ሕሙማንን ገለጸ። እነዚህ ሰዎች በገዛ ቤታቸው ውስጥ ይጠፋሉ፤ ወደ ግራ መታጠፍ ሲገባቸው ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። አንዷ ከባቡር ጣቢያ እስከ ቤቷ ያለውን መንገድ እንድትናገር ተጠየቀች። ምልክቶቹን ሁሉ በትክክል ጠራች፤ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ግን ከአንድ ጊዜ በቀር «ግራ» ማለት ሲገባት «ቀኝ» አለች። ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ቤቱን ለእንግዳ በስልክ የሚያስረዳ ሰው አስቡ። የመንገድ ቁጥር ብሎ ነገር በሌለበት ሰፈር «ከአደባባዩ ወደ ግራ፣ ከዚያ ከሱቁ ቀጥሎ እንደገና ወደ ግራ» ነው አድራሻው። ግራን የሳተ የሰፈራችን ሰው አድራሻውም አብሮ ይጠፋበታል ማለት ነው።

ለምን ግራ? ለምን ቀኝ አይሆንም? ምህንድስና የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው መጠባበቂያን ነው፤ እኔም መጀመሪያ ይኼው መጣልኝ። ኬኔዝ ሃይልማንና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1980፣ ማርሴል ሜሱላም ደግሞ በ1981 ያቀረቡት ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ የግራው አንጎል የሚጠብቀው የቀኙን ዓለም ብቻ ነው፤ የቀኙ አንጎል ግን ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። ሁለት ዘበኞች ያሉት ግቢ ቁጠሩት። አንዱ የቀኙን በር ብቻ ይይዛል፣ ሌላው ሁለቱንም በር ይዞራል። የመጀመሪያው ቢታመም ሁለተኛው ይሸፍናል። ሁለተኛው ቢታመም ግን የግራው በር ባዶውን ይቀራል። ግራን መሳት የሚበዛውና የሚከፋው ቀኝ አንጎል ሲጎዳ መሆኑን ይህ በደንብ ያብራራል። ብቸኛው ማብራሪያ አይደለም፤ ማርሴል ኪንስቦርን ሁለቱ የአንጎል ክፍሎች እርስ በርስ ይጓተታሉ፣ አንዱ ሲደክም ሌላው ትኩረትን ወደ ራሱ ወገን ይስባል ብሏል። ለእኔ ሁለቱም በከፊል ልክ ይመስሉኛል።

ዓይን ከማጣት ጋር ያለውን ልዩነት እንደ ካሜራ አስቡት። ካሜራው ደህና ነው፣ ገመዱም ደህና ነው፣ ምስሉ እስከ መቅጃው ደርሷል። ስክሪኑ ፊት የተቀመጠው ሰው ግን ግማሹን ስክሪን ብቻ ነው የሚያየው። ለዚህ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 ጆን ማርሻልና ፒተር ሃሊጋን ለአንዲት ሴት ሁለት የቤት ሥዕል አሳዩ። አንዱ ቤት በግራው በኩል በእሳት ይነዳል። ሴትዮዋ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው አለች። የትኛው ውስጥ መኖር ትመርጫለሽ ስትባል ግን፣ ጥያቄው የማይረባ ቢመስላትም፣ አብዛኛውን ጊዜ የማይቃጠለውን መረጠች። መረጃው ገብቷል ማለት ነው፤ እሷ ጋ ነው ያልደረሰው።

አሁን ወደ አገራችን ታሪክ ልምጣ። በኢትዮጵያ ታሪክ ከሁሉ የበለጠ የሚታወቀው የስትሮክ ሕመም የዳግማዊ ምኒልክ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1909 መገባደጃ (በእኛ 1902 ዓ.ም. መጀመሪያ) የመታቸው ስትሮክ ሰውነታቸውን ሽባ አደረገው፣ አንደበታቸውንም ዘጋው። እቴጌ ጣይቱ እያስታመሙ አገሩንም ጨምረው ይመሩ ጀመር፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ መኳንንቱ ከሥልጣን አነሷቸው። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ንግግር በአብዛኛው ሰው የሚመራው ከግራ አንጎል ነው፤ ንግግር ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ሰው ያውቃል። ንጉሥ መናገር ካልቻለ ማንም ሊደብቀው አይችልም።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1919፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን በስትሮክ ተመቱ። የሳቸው ግራ ጎናቸው ነው ሽባ የሆነው፤ ንግግራቸው አለ። ባለቤታቸው ኤዲት ጠያቂውን እየመረጡ ያስገቡ ነበር። ዊልሰን የጤናቸውን ነገር እንደ ቀላል ቆጥረው ሥልጣናቸው ላይ እስከ 1921 ቆዩ፤ ግራን የመሳትና ሕመምን ያለማወቅ ችግር ነበረባቸው ብለው የጻፉ ሐኪሞች አሉ። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ሳያቸው አንድ ነገር ይገርመኛል፦ ሁለት መሪ፣ ሁለት ሚስት፣ ሁለት የታመመ አንጎል። የግራ አንጎል ሕመም ይጮኻል። የቀኝ አንጎል ሕመም ግን በደንብ ይናገራል፣ ይቀልዳል፣ «ደህና ነኝ» ይላል፤ ሰውም ያምነዋል።

እዚህ ላይ ነው ነርሷ የምትመጣው።

በሕክምና ትምህርት ቤት የቆየ ልማድ አለ። ሐኪም አልጋ ላይ የተኛን ሕመምተኛ የሚመረምረው በሕመምተኛው ቀኝ ቆሞ ነው። ለሆድና ለልብ ምርመራ ምቹ ስለሆነ ነው፤ ለዚያ ጥሩ ነው። ግን አስቡት፦ ግራን የሳተ ሰው ንቁ የሆነበት ብቸኛው ወገን ቀኙ ነው! የጠዋቱ ራውንድ መጥቶ በቀኙ ይቆማል፣ «እንዴት አደሩ አባባ?» ይላል፣ አባባም ጥሩ አድርገው ይመልሳሉ፣ ራውንዱ ይሄዳል። ተረኛ ነርስ ግን አልጋውን በሁለቱም በኩል ትዞራለች። አንሶላ ትቀይራለች፣ መድኃኒት ታቀርባለች፣ ታገላብጣለች፣ ሌሊትም አለች። ከግራ ስትመጣ አባባ ዝም ካሉ፣ ከቀኝ ስትመጣ «ሲስተር፣ የት ጠፋሽ?» ካሏት፣ ምርመራው ያኔ ተጀምሯል።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመችው የነርሲንግ መጽሐፍ ሕመምተኛን ስለ ማስተዋል አንድ ሙሉ ምዕራፍ መስጠቷ ያለ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ነርሶች ይህንን ችግር በራሳቸው ስም መዝገብ ላይ የማስፈር መብት እስኪያገኙ ብዙ ጊዜ ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ ሴንት ልዊስ ከተማ ላይ የተሰበሰቡ ነርሶች አንድ ሥራ ጀመሩ፤ ሐኪም በሽታውን ይሰይም፣ እኛ ደግሞ በሽታው በሰውየው ኑሮ ላይ ያመጣውን ችግር እንሰይም የሚል። ከዚያ የተወለደው ናንዳ የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1986 ግራን መሳትን በነርሶች የምርመራ ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ይህ ወረቀት ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። ስም ያለው ችግር በቻርት ላይ ይጻፋል፣ ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል። ስም የሌለው ግን «አስቸጋሪ ሕመምተኛ» ይባልና ያልፋል።

መሣሪያዎቹስ? በጣም ቀላል ናቸው። ማርቲን አልበርት እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው ፈተና በአንድ ወረቀት ላይ የተበተኑ አጫጭር መስመሮችን በእስክሪብቶ መሰረዝ ብቻ ነው፤ ግራን የሳተ ሰው የግራዎቹን ሳይነካ «ጨርሻለሁ» ይላል። ሌላው ረጅም መስመር ሰጥቶ መሀሉ ላይ ምልክት አድርግ ማለት ነው፤ ምልክቱ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ይህን ቤታችሁ ሞክሩት። ጤነኛ ሰው በአማካይ ከመሀል በጥቂቱ ወደ ግራ ይስታል፤ የቀኝ አንጎል ጉልበት ምልክት ነው ይባላል። ታላቁ የፊልም ሰው ፌዴሪኮ ፌሊኒ እ.ኤ.አ. በ1993 በስትሮክ ታሞ ግራውን ሲስት ይህንኑ ፈተና ተሰጥቶት ነበር፤ መሀሉን ከማመልከት አልፎ መስመሩ ላይ አስቂኝ ሥዕሎች ይጨምርበት ነበር አሉ። እሱ ከብዙዎቹ በተለየ ችግሩን ያውቅ ነበር።

አንድ ሌላ ፈተና ወረቀትም አይፈልግም። ነርሷ ሕመምተኛው ዓይኑን እንዲጨፍን ታደርግና አንዴ ግራ እጁን፣ አንዴ ቀኝ እጁን፣ አንዴ ደግሞ ሁለቱንም እኩል ትነካለች። ለየብቻ ሲነካ ሁለቱንም ያውቃል። እኩል ሲነካ ግን «ቀኜን ነካሽኝ» ይላል። ቀኙ ግራውን አጠፋው። በዓለም ዙሪያ የስትሮክን ክብደት ለመለካት የሚያገለግለው ኤንአይኤች የስትሮክ መለኪያ 11ኛ እና የመጨረሻ ጥያቄ ይኼው ነው፤ 0፣ 1 ወይም 2 ይሰጠዋል። ከ42 ነጥብ ሁለቱ! ንግግርና ንግግር ነክ ጉዳዮች ከዚህ የበለጠ ነጥብ አላቸው፤ ስለዚህ በዚህ መለኪያ የቀኝ አንጎል ሕመምተኛ ከእውነተኛው ጉዳቱ የቀለለ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ለነርስ ሥራ ከሁሉ የሚቀርበው ግን የካትሪን ቤርዤጎ መለኪያ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ የተዘጋጀ ነው። ሕመምተኛውን ፈተና ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ ሲኖር ያየዋል። አሥር ነገሮች አሉት፤ ከእነዚህም፦ የፊቱን ግራ ይላጫል ወይ? የግራ እጅጌውን ያስተካክላል? ሳህኑ ላይ በግራ ያለውን ይበላል? ከበላ በኋላ የአፉን ግራ ይጠርጋል? ከግራ ሲጠሩት ይሰማል? በግራ ያለ በር ይመታዋል? እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ ድምሩ 30 ነው። ደስ የሚለው ክፍል ደግሞ ሕመምተኛውም ለራሱ ነጥብ መስጠቱ ነው። ነርሷ 22 ብትል፣ እሱ ደግሞ 3 ቢል፣ ልዩነቱ 19 ነው፤ ችግሩን ምን ያህል እንደማያውቀው በቁጥር ወጣ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ፊሊፕ አዙቪና ባልደረቦቹ 206 የቀኝ አንጎል ስትሮክ ሕሙማንን አይተው፣ ይህ የኑሮ ምልከታ ከየትኛውም ነጠላ የወረቀት ፈተና ይበልጥ ችግሩን እንደሚያወጣ አሳይተዋል። ሰው ወረቀት ፊት ሲቀመጥ ተጠንቅቆ ሊያልፍ ይችላል፤ ጫማ ሲያደርግ ግን አይጠነቀቅም።

ጉዳዩ የዕውቀት ብቻ አይደለም። ግራውን የሳተ ሰው «እችላለሁ» ብሎ ከአልጋ ይነሳና ይወድቃል። ምግብ በግራ ጉንጩ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል፣ ተኝቶ እያለ ሊያንቀው ይችላል። ግራ እጁ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ወርዶ ጎማ ውስጥ ሲገባ አያየውም። ስለዚህ መጥሪያው፣ ውኃው፣ ስልኩ መጀመሪያ በቀኙ ይቀመጣል፤ ለደኅንነቱ። እየተሻለው ሲሄድ ደግሞ ነርሷና ቤተሰቡ ሆን ብለው ከግራ እያናገሩ ወደዚያ እንዲዞር ያለማምዱታል። ነገሮችን በስንት ቀን፣ በየትኛው ጎን ማድረግ ይሻላል የሚለው ባለሙያዎችን ሲያከራክር የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ኢቭ ሮሴቲና ባልደረቦቹ እይታን 10 ዲግሪ ወደ ቀኝ የሚያዞር የፕሪዝም መነጽር ለጥቂት ደቂቃ ካለማመዱ በኋላ ሕመምተኞቹ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ወደ ግራ መመለሳቸውን አሳዩ። ቆንጆ ሙከራ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ውጤት አላገኙም።

ራስል ብሬይን ጽሑፉን ባወጣበት ዘመን እንግሊዝ ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት ነርስ ነበረች፤ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ። በስደት ሳለች ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥና እ.ኤ.አ. በ1939 ተመረቀች። አገሯ በተመለሰች በዓመቱ፣ በ1942፣ በ22 ዓመቷ ነቀምቴ ላይ ዐረፈች። በስሟ የተሠራው መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ዛሬ የጦር ኃይሎች የምንለው፣ የነርስ ትምህርት ቤትም ነበረው። ከእሱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ ቀይ መስቀል ዛሬ የካቲት 12 በሚባለው ሆስፒታል የነርስ ትምህርት ቤት ከፍቷል። የነርቭ ሐኪሞች ሥልጠና ግን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ሒሳቡን ሥሩት፦ ኢትዮጵያ ውስጥ ከነርስ ትምህርት ቤት እስከ ነርቭ ሐኪም ሥልጠና ድረስ 57 ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት የስትሮክ ሕመምተኛን ግራና ቀኝ ቀንና ሌሊት የሚያየው ማን ነበር?

ነርስና አስታማሚ። አስታማሚን መርሳት የለብንም፤ በእኛ ሆስፒታል ሕመምተኛን የሚያበላውና የሚያጥበው ብዙ ጊዜ የራሱ ሰው ነው። ጥሩ ነርስ ይህን ታውቃለችና ትጠይቀዋለች። ምን ብላ? የፈረንሳዩ መለኪያ ስለ ሳህን ይጠይቃል፤ እኛ ግን ከአንድ ትሪ አብረን እንበላለን። አባባ የትሪውን ግራ ባይነኩ ልጃቸው ከዚያ ጎርሶ ይጨርሰዋል፣ ጉርሻም ያደርስላቸዋል፤ ማንም ልብ አይልም። ደግሞ የምንበላው በቀኝ እጅ ነው፤ ቀኝ አንጎል ሲመታ የሚደክመው ግራ እጅ ስለሆነ አባባ እንደ ወትሮው እየበሉ ይመስላሉ። ስለዚህ ለብቻቸው በትንሽ ሳህን አቅርቦ የቀረውን ማየት ያስፈልጋል። ነጠላና ጋቢ በየትኛው ትከሻ ላይ እንደተንጠለጠለ ማየትም እንዲሁ።

ሰላምታ ደግሞ አለ። ጠያቂ ይመጣል፣ በግራ በኩል ባለችው ወንበር ይቀመጣል፣ «እግዜር ይማርዎ» ይላል። አባባ ዝም። ጠያቂው ተቀይሞ ይወጣል፤ «ታሞም አልቀረለትም ኩራቱ» ይባላል። በእኛ አገር ሰላምታ አለመመለስ ቀላል ነገር አይደለም፤ ልጆቹም «አባታችን ጸባዩ ተለወጠ» ብለው ያዝናሉ። አንዲት ነርስ ወንበሯን አንስታ ወደ ቀኝ ብታዞራት ያ ቅሬታ በደቂቃ ውስጥ ይፈታል።

ለእናንተ፣ በተለይ ቋንቋና ኮምፒውተር ለምትወዱት፣ አንድ ያልተሠራ ሥራ ልተውላችሁ። በላቲን ፊደል የሚያነቡ ሕመምተኞች የቃሉን የግራ ጫፍ ሲውጡት ታይቷል። አማርኛም ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚጻፈው፤ «የ»፣ «በ»፣ «ከ»፣ «ለ» የሚቀመጡት በቃሉ ግራ ነው። አሉታም እንደዚያው፦ «አልበላም» ከሚለው ግራው ቢዋጥ የሚቀረው «በላም» ነው። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የንባብ ፈተና ይህንን አይፈትሽም። በፊደላችን የተዘጋጀ፣ ቃላቱ በግራ ጫፋቸው ብቻ የሚለያዩ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃዋል። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ የአልበርት መስመሮች አሉ፤ እነሱን ለማዘጋጀት ማስመሪያና እስክሪብቶ በቂ ነው።